ቤቱ መጥቷል

የመንገድ ሥራው ጽሕፈት ቤት መካነ ሰላም ላይ የተከፈተው በአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። በዚያ ዓመት ባዶ ያልሆነ መጋዘን አልነበረምና ባለቤቱ ቁልፉን ሲሰጠን አላንገራገረም። ግድግዳው ላይ የጤፍ ብናኝ እንደ ተጋገረ ነበር። በክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥንና እኔ ነበርን። የሥራ መጠሪያዬ የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ይባላል። ደሴ ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራውን ስይዝ የሁለት ሳምንት ኮርስ ተሰጥቶኝ ነበር፤ ከኮርሱ የቀረኝ በማባዣ የታተመ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ጥራዝ ነው። ቅጥር፣ ምደባ፣ ቁጥጥር፣ የሥራ ክርክር፣ ስንብት፤ ሁሉም በየምዕራፉ ተሰድሯል። ከዚያ በፊት ብዙ መጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ ይህን ጥራዝ ግን እንደ ዳዊት ደገምሁት። ሰው በትክክል ከተመዘገበ በደል አይደርስበትም ብዬ ከልቤ አምን ነበር።

ሥራው ወደ አቀስታ የሚወስደውን መንገድ መጠገን ነው። ሠራተኞቹ ከቦረና፣ ከለጋምቦና ከከላላ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ዝናቡ ደጋግሞ ከድቷቸው፣ በሬዎቻቸው አልቀው፣ ድንጋይ ፈልጠው በየቅዳሜው ስንዴ ይሰፈርላቸዋል። የሚቀጠረው ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው። መዝገቡ ቶሎ ሞላና ተዘጋ። ያልደረሳቸው ሰዎች ግን ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ በየማለዳው ከመንገዱ ማዶ ባለው ተዳፋት ላይ ተቀምጠው ስም ስጠራ ያዳምጣሉ። አንድ ስም ጠርቼ ዝም የተባለ እንደ ሆነ አንገታቸው ቀና ይላል። በመዝገብ መኖርና አለመኖር ምን ማለት እንደ ሆነ ጥራዜ አልነገረኝም፤ ከእነርሱ አንገት ነው ያወቅሁት።

የአንደኛው ቡድን አለቃ በጣሊያን ዘመን ድንጋይ የፈለጡ፣ ረጅም፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ሽማግሌ ነበሩ። ከዚያ ዘመን የቀረውን መጠሪያ ይዘው ሁሉም ካቦ ይላቸዋል፤ እኔም አያ ካቦ እላቸው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከእርሳቸው ጋር የተጋጨሁት በአንድ ስም ነው። ሰኞ ዕለት ስሙን ስጠራ ጥቁር ጢም ያለው ጎልማሳ ብድግ አለ። ማክሰኞ ያንኑ ስም ስጠራ የተነሣው ጢም ያላበቀለ ወጣት ነው።

«ትናንት ይህ ስም ጢም ነበረው» አልሁ።

«ጢሙ ዛሬ አማቱን ሊቀብር ሄዷል» አሉ ካቦ፤ መስመሩ ሁሉ ሳቀ። «ወንድሙ ነው። ቤቱ መጥቷል፤ ምን ጎደለ?»

«የተመዘገበው ሰውየው ነው እንጂ ቤቱ አይደለም፣ አያ ካቦ።»

ካቦ ዶማቸውን ተደግፈው አዩኝ። «ልጄ፣ ወንፈል አታውቅም? ዛሬ አንተ የእኔን ማሳ ብታርስ ነገ እኔ ያንተን አርሳለሁ። ብታመም ወንድሜ ይመጣልሃል። ወንድም ባይኖረኝ ሚስቴ መጥታ ትጎለጉላለች። ማን ላከህ ይባላል እንጂ ማን ነህ አይባልም። ቀኑን የሚያበድረው ቤት ነው፤ ሰውማ ይታመማል፣ ይሞታል።»

የከተማ ነጋዴ ልጅ ነኝና ወንፈልን የማውቀው በወሬ ነው። የነገሩኝን እንደ አሠራር ሳይሆን እንደ ቀዳዳ ቆጠርሁት። ቀዳዳውንም ለመድፈን በሁለት ቀን ውስጥ የራሴን ዘዴ አወጣሁ። ከእርዳታ ዘይት ጣሳ ትናንሽ ቆርቆሮ አስቆርጬ ቁጥር በምስማር አስመታሁባቸው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን በአንገቱ እንዲያንጠለጥል አዘዝሁ። በመዝገቡ ላይ ከስሙ ጎን የአውራ ጣት አሻራ የሚያርፍበት ሳጥን አሰመርሁ። በአካል ያልቀረበ አይመዘገብም፤ በሌላው ቁጥር የሚሠራ ይሰናበታል።

«እኛ አገር አንገት ላይ ቃጭል የሚታሰረው ለበቅሎ ነበር» አለ አንዱ ቆርቆሮውን እያገላበጠ።

«በቅሎዋ አለቀች፤ ተራው ደረሰን» አለ ሌላው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቀርቶ ጌታ ደንብ እባል ጀመር። አልከፋኝም። ከደሴ ለጉብኝት የመጡት ኃላፊ ቅጹን አይተው ወደሌሎቹ ጣቢያዎችም እንዲላክ አዘዙ። ያን ዕለት ራት አልበላሁም፤ ደስታው አጥግቦኝ ነበር። ሌላው ሰው ራት የማይበላበት ምክንያት ሌላ እንደ ነበር አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በካቦ ቡድን ውስጥ ከከላላ በኩል የመጣ አንድ ዝምተኛ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። ድንጋዩ በየት በኩል እንደሚከፈል በመዳፉ ዳብሶ ያውቃል፤ ሌላው አሥር ጊዜ የሚመታውን እርሱ በሁለት ምት ይገምሰዋል። ክረምቱ ሲገባ ሠራተኛው በተጠጋባቸው ጎጆዎች ተስቦ ገባ፤ እርሱን በአምስት ቀን ወሰደው። መቃብሩን እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ቆፈረ፤ ካቦ ዱዓ አደረጉ።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ማለዳ ስም ስጠራ ከእርሱ ቁጥር ደረስሁ። በእርሱ ቦታ ሚስቱ ቆማለች። ቆርቆሮው በአንገቷ ነው፤ መዶሻው በእጇ። ሁለት ልጆችና ዓይነ ስውር አማት እንዳላት ከቀብሩ ላይ ሰምቼ ነበር። ስሙን ጠራሁ። ማንም አልተናገረም። ከማዶው ተዳፋት ላይ አንገቶች ቀና ሲሉ ተመለከትሁ።

«ቤቱ መጥቷል» አሉ ካቦ በዝግታ።

እርሳሴን አነሣሁና «አለ» በሚለው ዓምድ ላይ ምልክት አደረግሁ። የራሴን ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የጣስሁት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መዶሻው ከበዳት፤ ወንዶቹ ለሁለት የሚያዝ ባሬላ ላይ መድበዋት የእርሷን ድርሻ ድንጋይ ተከፋፍለው ፈለጡላት። ያን ምደባ ያዘዘ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት መዶሻውን ራሷ አነሣች።

እኔ ግን በየማለዳው ከመዝገቡ ግርጌ፣ ከላይ የተዘረዘሩት በአካል መገኘታቸውን አረጋግጣለሁ ከሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር ስሜን እጽፍ ነበር። ያስጨነቀኝ ፍርሃት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ራሴን ይቅር ባልሁት ነበር። ያስጨነቀኝ ግን ሐሰቱ ነው፤ የሞተ ሰው በየቀኑ ድንጋይ ሲፈልጥ መዋሉ። ጥራዜን አገላበጥሁ። በስንብት ምዕራፍ መጨረሻ ላይ፣ በሥራ ላይ ሳለ የሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ በቅጥር ቢቀደም መልካም እንደ ሆነ የሚመክር አጭር አንቀጽ አገኘሁ። አንቀጹን ሳገኝ መንገዱ የተከፈተልኝ መሰለኝ። ሞቱን በይፋ እገልጻለሁ፤ እርሷም በራሷ ስም፣ በራሷ አሻራ እንድትቀጠር እጠይቃለሁ። መዝገቡም እርሷም ነጻ ይወጣሉ።

በምሳ ዕረፍት፣ ካቦ አጠገቧ ሳሉ፣ ነገርኋት።

«ቅዳሜ ስንዴው አይሰፈርልኝም ማለት ነው?» አለች።

«ይሰፈርልዎታል። በራስዎ ስም ይሆናል።»

«አሁንስ እየተሰፈረልኝ አይደለም፣ ጌታዬ?»

«ነው። ነገር ግን መዝገቡ እውነት አይናገርም።»

«መዝገቡ እኔን ምን በደለኝ?» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ልጅ የምታባብል ይመስል ነበር። «እርሱ አፈር ለብሶ ስሙ ቆሞ ልጆቹን እያበላ ነው። ይቁም፤ ተዉት።»

«የሞተ ሰው ስም በየቀኑ መጥራት ይከብደኛል።»

«ለእኔማ ስትጠሩት ደስ ይለኛል» አለችና ወደ ድንጋዩ ዞረች።

ካቦ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ልጄ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባላል። ከብዕር የወጣውማ በምን ይያዛል? አደራህን።»

አደራውን ሰማሁ፤ አልተቀበልሁትም። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አረቀቅሁት። እስካሁን ከጻፍሁት ሁሉ እንደዚያ የተዋበ ደብዳቤ የለም። የሟቹን ትጋት፣ የመበለቲቱን ብርታት፣ የአንቀጹን ምክር አስተካክዬ አስቀመጥሁና ወደ ደሴ በሚሄደው የጭነት መኪና ላክሁ። መልሱ በአሥረኛው ቀን መጣ። ሟቹ ከመዝገብ እንዲሰረዝና ቁጥሩ ተመላሽ እንዲሆን ታዟል። አዲስ ቅጥር በጠቅላላው ስለ ታገደ በክፍት ቦታው ላይ ማንንም መተካት አይቻልም። በመጨረሻው መስመር ላይ ጸሐፊው ላሳየው ጥንቃቄ ተመስግኗል፤ ግልባጩም ከግል ማኅደሬ እንዲያያዝ ተመርቷል።

ከማኅደሬ ጋር ተያይዟል። ዛሬም አለ።

ደብዳቤውን ለሁለት ቀን በኪሴ ይዤ ዞርሁ። በሁለቱም ቀን ስሙን ጠራሁ፤ እርሷም ቆመች። በሦስተኛው ማለዳ፣ የስንዴው መስፈሪያ ዝርዝር ከመዝገቡ ጋር የሚነጻጸርበት ቀን ስለ ነበር፣ ከእርሱ በፊት ያለውን ቁጥር ጠርቼ ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ጠራሁ።

«ዘለልህ» አሉ ካቦ።

«አልዘለልሁም፣ አያ ካቦ። ተሰርዟል።»

ካቦ ዶማቸውን መሬት ላይ አጋደሙና በላዩ ተቀመጡ። ቀጥሎ ያለው ተቀመጠ፤ ከዚያ ሌላው። በጅጌ፣ በደቦው እርሻ፣ ባለማሳው አንዱን ረዳት የበደለ እንደ ሆነ ሌሎቹ እርሻውን ከመሐል ጥለው እንደሚወጡ ኋላ ነው የተነገረኝ። እኔ ግን ያየሁት በጥራዜ ውስጥ የሥራ ክርክር የሚባለውን ነው፤ ምዕራፉም ተወካዮቻቸውን አነጋግር ይላል።

«ተወካይ ምረጡና እንነጋገር» አልሁ።

«ለምን እንወክላለን? ሁላችንም አፍ አለን» አለ ያ ስለ ቃጭሉ የቀለደው።

«እንግዲያ ምን ትፈልጋላችሁ?»

«ስሙን ጥራው።»

ሥልጣን እንደሌለኝ ተናገርሁ። ደብዳቤውን አውጥቼ አነበብሁላቸው፤ ማኅተሙን አሳየኋቸው። ሲያዳምጡኝ ፊታቸው ላይ ጥላቻ ባይ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ያየሁት ግን የሚያዝኑልኝ መሆናቸውን ነው። በዚያ ሰዓት ከማዶው ተዳፋት ላይ እንቅስቃሴ ተሰማ። ያልተመዘገቡት ሰዎች መሬት የወደቀውን አካፋና ዶማ አይተው አንድ በአንድ እየተነሡ ነው። ማንም አልጠራቸውም፤ ማንም አልጮኸም። ነጠላቸውን አጣፍተው በእርጋታ ወደ መንገዱ መውረድ ጀመሩ።

ከእኔ በፊት ያየቻቸው እርሷ ናት።

«ተነሡ» አለች ለቡድኑ። «አካፋችሁን ያዙ።»

«ቁጭ በይ፣ እታለም» አሉ ካቦ። «ነገሩ የአንቺ ብቻ አይደለም።»

«የእኔ ብቻ ይሁን እንጂ፣ አያ። የእኔ ቤት ተዘጋ ተብሎ የናንተም ሊዘጋ ነው? እነዚያን እዩዋቸው። ከእነርሱስ የማን ልጅ ጠግቧል? በአላህ ይሁንባችሁ፤ ተነሡ።»

ካቦ ወደ ተዳፋቱ አዩ፤ ወደ እርሷ አዩ። ከዚያ እጃቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ በዕድሜያቸው ልክ ቀስ ብለው ተነሡ። የወረዱትም ሰዎች መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሙ፤ ጥቂት ቆይተው ተመልሰው ተቀመጡ። የሥራ ክርክሩ እንዲህ አለቀ። በዕለቱ ዘገባዬ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ ሳላውቅ፣ ሥራው ለአጭር ጊዜ ተስተጓጉሎ ቀጥሏል ብዬ ጻፍሁ።

እርሷ ቆርቆሮውን ከአንገቷ አወጣችና ከመዶሻው ጋር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ንብረት መመለሱን የሚያረጋግጥ ቅጽ አለ፤ እርሱም የእኔ ሥራ ነው። አሻራ ይፈልጋል። የቀለሙን ጨርቅ ወደ እርሷ ገፋሁት።

«ይህ ጣት ሲገባ አልተፈለገም» አለች እያተመች፤ «ሲወጣ ተፈለገ?»

ቅጹን ከመዝገቡ ጋር አያይዤ የቆርቆሮውን ሣጥን ቆለፍሁ።

በማግስቱ ከማዶው ተዳፋት ላይ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጣ አየኋት። ከራሴ ቀለብ ከፍዬ ሁለት ጊዜ ላክሁላት። አንዴ ተቀበለች። በሁለተኛው «የእርሱ እናት ይመርቁዎታል፤ ግን ለአንድ ቤት ይህ የሁለት ቀን ብቻ ነው፤ እርስዎም ይጎድልብዎታል» ብላ መለሰችው። ስም በጠራሁ ቁጥር ዓይኔ ያለ ፈቃዴ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ለደሴ ሁለት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ መልስ አልመጣም።

መስከረም ላይ፣ በሻይ ቤቱ ራዲዮ፣ ንጉሡ ከዙፋን መውረዳቸውን ሰማን። ሰው ሁሉ አዳመጠ፤ ከዚያ አንዱ «ስንዴውስ ይቀጥላል?» ብሎ ጠየቀ። ቀጠለ። የደሴው ኃላፊ ተነሡና በቦታቸው ካኪ የለበሰ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው ተሾመ። አንደበቱ የተባ፣ ለድሃ ከልቡ የሚያዝን ሰው ነበር፤ ይህን ልክደው አልፈልግም። መካነ ሰላም ሲመጣ የመበለቲቱን ጉዳይ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርሁት። በማስታወሻው ላይ ጻፈ፤ ሲጽፍ እጁ ሲፈጥን አይቼ ተስፋ አደረግሁ።

በሳምንቱ የቅጥሩ እገዳ ተነሣ። በካቦ ቡድን የጎደሉት ጥቂት ቦታዎች በአንድ ቀን ምዝገባ እንዲሞሉ ታዘዘ። ወሬው ሲሰማ እርሷ አልነበረችም፤ ትንሹ ልጅዋ ታምሞባት፣ ትልቁን ከአማቷ ዘንድ ትታ፣ ሕክምና አለ ወደ ተባለበት ወደ አቀስታው መጠለያ ተሸክማው ሄዳለች። ካቦ ሰው ላኩባት፤ መንገዱ ግን ደርሶ መልስ ሦስት ቀን ነው። ምዝገባው በማግስቱ ነበር።

ጠረጴዛው ከመጋዘኑ ደጅ ወጣ። እኔ ከመዝገቡ ጋር ተቀመጥሁ፤ አዲሱ ኃላፊ ከጎኔ። ከመጀመሩ በፊት ተነሥቶ ለሕዝቡ ንግግር አደረገ። በድሮው ሥርዓት በድሃው ስም ሌላው ሲበላ እንደ ኖረ፣ ከእንግዲህ ግን ማንም በአካል ቀርቦ በገዛ ጣቱ ካልፈረመ እንደማይመዘገብ ተናገረ። ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ይህን ዘዴ የፈጠረው ይህ ወጣት ነው አለ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። አራተኛው ሰው ካቦ ነበሩ።

«እርስዎ የተመዘገቡ አይደሉም እንዴ፣ አባባ?» አለ ኃላፊው።

«ነኝ። ለከላላዋ ሴት ነው የመጣሁት። ልጅ ታሞባት አቀስታ ናት። ቤቱ መጥቷል።»

«ራሷ መቅረብ አለባት።»

«ትቀርባለች፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያ እኔ ቆሜላታለሁ። እስክትመጣ የእርሷንም ድርሻ እፈልጣለሁ።»

«አባባ፣ አንዱ ለሌላው እየቆመ አይደለም እንዴ ድሃው የተበደለው?»

«ድሃውስ እኛው ነን» አሉ ካቦ። ከሰልፉ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

ኃላፊውም ፈገግ አለ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ወደ እኔ ዞረና «ደንቡን የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ይንገርዎት» አለ። ሁሉም አየኝ። ቅጹን ቁልቁል ተመለከትሁት። ለስም ቦታ አለው፤ ለትውልድ አገር፣ ለዕድሜ፣ ለአሻራ ቦታ አለው። ለሌላው የሚቆም ሰው የሚጻፍበት መስመር የለውም። መስመሮቹን ያሰመርሁት እኔ ነኝ፤ ከሕዳግ እስከ ሕዳግ ሞልተዋል፤ አንዲት ቃል የምታርፍበት ክፍተት እንኳ አልተውሁም።

«በቅጹ ላይ ቦታ የለውም፣ አያ ካቦ» አልሁ።

ይህን ስናገር ካቦ አውራ ጣታቸውን በቀለሙ ጨርቅ ላይ ጭነውት ነበር። ጥቁር ጣታቸውን ወደ ላይ ይዘው፣ የሚያትሙበት ቦታ እስካሳያቸው ድረስ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ብዙ ጠበቁ። ኃላፊው «ቀጣይ» አለ። ካቦ ቀና አሉና ጣታቸውን በመጋዘኑ ግድግዳ፣ በጤፉ ብናኝ ላይ፣ ጠረጉት።

እርሷ በአራተኛው ቀን ማለዳ ደረሰች። ልጁ ከጀርባዋ አልነበረም፤ የት እንዳለ አልጠየቅሁም፤ ካቦም አልጠየቁም። ስም እየጠራሁ ነበር። ከመንገዱ ጠርዝ ቆማ የባሏ ቁጥር እስኪደርስ አዳመጠች። ቁጥሩ ሲጠራ አንድ ከቦረና የመጣ ሽማግሌ «አለሁ» አለ። ቆርቆሮው በአንገቱ ላይ ነው።

ወደ እኔ ተጠጋች። «የርሱ ቁጥር ነው?»

«አዎ።»

«ሰውየው ቤት አለው?»

«አለው። አምስት ነፍስ።»

ሽማግሌውን ጥቂት አየችው። «እንግዲያ ይሁን» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ በተጠገነው መንገድ ወደ ላይ ሄደች። ከተዳፋቱ ላይ አልተቀመጠችም። ካቦ በዶማቸው ላይ ተደግፈው እስክትሰወር አዩዋት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው የምለውን ጠበቁ። ያቆምሁበትን መስመር በጣቴ ፈልጌ ቀጣዩን ስም ጠራሁ።